ኦቴሎ በርም ነበር፣ አጥርም ነበር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከዚህ በፊት ስለ ሼክስፒር ተውኔቶች ባቀረብነው ጽሑፍ ኦቴሎን በጨረፍታ አንስተን ነበር። ኦቴሎ በቬኒስ የሚያገለግል ጥቁር የጦር አዛዥ ሲሆን፣ የሚያምነው ያጎ በቅናት አሳውሮት ነጭ ሚስቱን ዴስዴሞናን ይገድላል። ከዚያ ወዲህ ይህን ገጸ ባሕርይ እነማን እንደ ተጫወቱትና ጥቁር ተዋንያን ወደዚህ መድረክ እንዴት እንደ ገቡ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው የሚያያዙ ስለሆኑ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የኦቴሎን ታሪክ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ኦቴሎ ጥቁር ከሆነ በመጀመሪያ የተጫወተውም ጥቁር ነበር ወይ?» አለችኝ። አጣርቼ እንደምነግራት ቃል ገብቻለሁና ብትረዱኝ።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ለተማሪዎ ምስጋናችንን ያድርሱልን። መልሱ «አልነበረም» ነው። ተውኔቱ በ1604 በንጉሥ ጀምስ ቤተ መንግሥት በቀረበበት ዘመን ኦቴሎን ይዞ የሚጫወተው የሼክስፒር ቡድን አውራ ተዋናይ ሪቻርድ በርቤጅ ነበር። ከእርሱም በኋላ ከ200 ዓመት በላይ በእንግሊዝ መድረክ ላይ ኦቴሎ ማለት ፊቱን ቀለም የተቀባ ነጭ ተዋናይ ማለት ሆኖ ቆየ። የለንደን ተመልካች ጥቁር ተዋናይ በኦቴሎ ሚና ያየው በ1825 ነው፤ የተዋናዩም ስም አይራ አልድሪጅ ይባላል።

አልድሪጅ በ1807 በኒው ዮርክ ከተማ ከነጻ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ገለባ እየሸጠ የሚተዳደርና በቤተ ክርስቲያን የሚሰብክ ሰው ነበር። ልጁ ገና የአሥራ አራት ዓመት ታዳጊ ሳለ፣ በ1821፣ ቀድሞ በመርከብ ላይ አስተናጋጅ የነበረ ዊልያም አሌክሳንደር ብራውን የተባለ ጥቁር ሰው በዚያችው ከተማ አፍሪካን ግሮቭ የተሰኘ ቴያትር ቤት ከፈተ፤ ጄምስ ሂውሌት የተባለ ተዋናይም ሪቻርድ ሣልሳዊን ሆኖ ተጫወተበት። ቤቱ ግን ሰላም አላገኘም። ረብሸኞች ይመጡበታል፣ ፖሊስም ረብሸኞቹን ትቶ ተዋንያኑን ያስራል። በዘመኑ ጋዜጣ እንደ ተዘገበው፣ ታስረው የነበሩት ተዋንያን የተፈቱት ከእንግዲህ ሼክስፒርን ላለመጫወት ቃል ከገቡ በኋላ ነው። ይህን ለተማሪዎችዎ ቀስ ብለው ያንብቡላቸው፤ ቃል እንዲገቡ የተጠየቁት እንዳይሰርቁ ወይም እንዳይደባደቡ ሳይሆን፣ አንድ እንግሊዛዊ ባለቅኔ የጻፈውን ንግግር በቃላቸው አጥንተው በሰው ፊት እንዳይናገሩ ነበር።

አልድሪጅ በአገሩ እንዲህ ያለው ሥራ እንደማይፈቀድለት ገና በልጅነቱ ስለተረዳ በ1824 ባሕር ተሻግሮ ሊቨርፑል ገባ። በማግሥቱ ዓመት በምሥራቅ ለንደን በሚገኝ ትንሽ ቴያትር ቤት ኦቴሎን ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ ዛሬ ኦልድ ቪክ በሚባለው፣ በዚያ ዘመን ኮበርግ ተብሎ በሚጠራው ቤት፣ በሱሪናም ስለ ተነሣ የባሪያዎች ዓመፅ በሚተርክ ድራማ ላይ ዋናውን ሚና ያዘ። ታይምስ ጋዜጣ ያን ጊዜ የጻፈውን ስናነብ ዛሬም ያሳፍራል፤ የከንፈሩ ቅርጽ እንግሊዝኛን አጥርቶ እንዳይናገር ያግደዋል ብሎ ነበር የፈረደበት። ማስታወቂያዎቹ በበኩላቸው ከሴኔጋል መሳፍንት የተወለደ ልዑል እያሉ ያቀርቡት ነበር። የኒው ዮርኩ ገለባ ሻጭ ልጅ ለአዳራሹ ትኬት መሸጫ የሚሆን የዘር ሐረግ ያስፈልገው ነበር፤ እርሱም ያንን ተረት ይዞ መኖርን መርጧል። በዚህ ሊወቀስ አይገባም እንላለን።

ታላቁ ፈተና የመጣው በ1833 ነው። በለንደን የንጉሥ ፈቃድ ከነበራቸው ጥቂት ቴያትር ቤቶች አንዱ በሆነው በኮቨንት ጋርደን፣ የዘመኑ ስመ ጥር ተዋናይ ኤድመንድ ኪን ኦቴሎን እየተጫወተ ሳለ መጋቢት 25 ቀን በመድረኩ ላይ ተዝለፍልፎ በልጁ በቻርልስ ክንድ ላይ ወደቀ፤ ልጁ በዚያ ምሽት ያጎን ሆኖ ይጫወት ነበር። ኪን ዳግመኛ መድረክ ሳይወጣ በግንቦት ወር አረፈ። ቤቱ በተተኪነት የጠራው አልድሪጅን ነበር፤ እርሱም ሚያዝያ 10 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ታላቅ መድረክ ላይ ቆመ። ዴስዴሞናን የተጫወተችው ኤለን ትሪ ነበረች። አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበለው፤ በማግሥቱ የወጡት ጋዜጦች ግን አልማሩትም። አንድ ሳምንታዊ መጽሔት፣ ጥቁር ሰው አንዲት ነጭ ሴትን በመድረክ ላይ መንካቱን ራሱን እንደ ነውር ቆጥሮ ተቃወመ። ወቅቱን ማስታወስ ያስፈልጋል፦ ፓርላማው በቅኝ ግዛቶቹ ያለውን ባርነት ስለ ማስቀረት በሚሟገትበት፣ ከባሮች ጉልበት የሚከብሩት ባለ ርስቶችም ስለ ካሳ በሚደራደሩበት በዚያው የጸደይ ወራት ነው ነገሩ የሆነው፤ ሕጉ የጸደቀው በነሐሴ ነው። አልድሪጅ በኮቨንት ጋርደን የተጫወተው ሁለት ምሽት ብቻ ነው። የኪን ሕመም ያስከፈተው በር በሁለት ቀን ተመልሶ ተዘጋ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም፤ እንዲያውም ለእኛ ዋናው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። አልድሪጅ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በአየርላንድ ትንንሽ ከተሞች እየዞረ ሠራ፤ በኮቨንትሪ ከተማም ከዚያ በፊት በ1828 የቴያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ነበር። ለጥቁር ገጸ ባሕርይ የተጻፉት ሚናዎች ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ነጭ ተዋንያን ለኦቴሎ እንደሚያጠቁሩ ሁሉ እርሱም ፊቱን ነጭ ቀለም እየተቀባ ማክቤዝን፣ ሻይሎክን፣ ሪቻርድ ሣልሳዊንና ንጉሥ ሊርን ተጫወተ። የትዕይንቱ ወቅት ሲያልቅም ወደ መድረኩ ፊት ወጥቶ ስለ ባርነት ክፋት ለተመልካቹ ይናገር ነበር። ከ1852 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ምድር ተሻገረ። እርሱ በእንግሊዝኛ ሲናገር የአገሩ ተዋንያን በጀርመንኛ ወይም በሌላ ቋንቋቸው ይመልሱለት ነበር፤ ተመልካቹም ያን ሁሉ ተቀብሎ ያለቅስ ነበር። የፕሩሲያ ንጉሥ የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው።

በ1858 ሴንት ፒተርስበርግ ሲደርስ ሩሲያ ገበሬዎቿን ከጭሰኝነት ባርነት ገና ነጻ አላወጣችም ነበር። በዚያ በአንድ መስፍን ቤት የዩክሬኑን ባለቅኔና ሠዓሊ ታራስ ሸቭቼንኮን ተዋወቀ። ሸቭቼንኮ ራሱ ጭሰኛ ሆኖ የተወለደና ነጻነቱ በገንዘብ የተገዛለት ሰው ነበር። የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው የመስፍኑ ትንሽ ልጅ እያስተረጎመችላቸው ስለ ሕዝቦቻቸው መከራ ያወጉ ነበር፤ ሸቭቼንኮም የአልድሪጅን ምስል ሣለ። አልድሪጅ በ1867 ለትዕይንት በሄደበት በፖላንዷ ሎጅ ከተማ አረፈ፤ መቃብሩም እዚያው ነው። ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ አንድም ምሽት አልተጫወተም።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ልጆቼ በትምህርት ቤት ስለ ፖል ሮብሰን ዘፋኝነትና የፖለቲካ ትግል ተምረዋል፤ ስለ ኦቴሎው ግን የተነገራቸው ጥቂት ነው። በአሜሪካ ጥቁር ሰው ኦቴሎን በብሮድዌይ፣ በኒው ዮርክ የታላላቅ ቴያትር ቤቶች ሰፈር፣ ለመጫወት ለምን እስከ 1943 ዘገየ?

መልስ፦ አጭሩ መልስ አዘጋጆቹ ፈሩ የሚለው ነው፤ የፈሩትም በ1833 የለንደኑ መጽሔት የጻፈውን ያንኑ ነገር ነው። ጥቁር ተዋናይ ነጭ ተዋናይትን ሲስምና ኋላም አንቆ ሲገድል በአሜሪካ መድረክ ላይ ማሳየት የሚያስከትለውን ሊሸከም የሚደፍር ባለ ገንዘብ አልተገኘም።

ሮብሰን በ1898 በፕሪንስተን የተወለደ፣ አባቱ በወጣትነቱ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው። እርሱም እንደ አልድሪጅ ሚናውን መጀመሪያ ያገኘው ለንደን ላይ ነው፤ በ1930 በሳቮይ ቴያትር ከፔጊ አሽክሮፍት ጋር ተጫወተ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ሕንፃ ባለው ምግብ ቤት እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። እዚህ ላይ ልጆችዎ ቢሰሙት የምንወደው አንድ ነገር አለ። የአይራ አልድሪጅ ልጅ አማንዳ አልድሪጅ በለንደን የምትኖር የሙዚቃ ደራሲና የድምፅ መምህርት ነበረች፤ ሮብሰንንም አስተምራዋለች። አባቷ የሞተው ገና ጨቅላ ሳለች ስለሆነ በመድረክ ላይ አይታው አታውቅም፤ ነገር ግን ያ ሚና ከአልድሪጅ ቤት ወደ ሮብሰን የተሻገረው በእርሷ በኩል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አዘጋጇ ማርጋሬት ዌብስተር ሮብሰንን ይዛ በአሜሪካ የሚያስተናግዳት ቤት ስትፈልግ ብዙ ደከመች። በ1942 ክረምት በማሳቹሴትስ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ሙከራው ተሳካና፣ ጥቅምት 19 ቀን 1943 በኒው ዮርክ ሹበርት ቴያትር መጋረጃው ተገለጠ። ኡታ ሄግን ዴስዴሞናን፣ ሆሴ ፌሬር ያጎን ተጫወቱ። ተውኔቱ 296 ጊዜ ቀረበ። በብሮድዌይ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ይህን ያህል የዘለቀ የሼክስፒር ዝግጅት የለም። ቡድኑ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዞር ሮብሰን ጥቁርና ነጭ ተለያይተው በሚቀመጡበት አዳራሽ አልጫወትም አለ፤ እንዳለውም አደረገ። ለእኛ ይህ እምቢታ ከ296ቱ ምሽቶች አያንስም፤ አልድሪጅ ማድረግ ያልቻለውን አንድ ነገር አድርጓልና፣ መድረኩን ብቻ ሳይሆን መቀመጫውንም ጭምር ጠይቋል።

በ1950 መንግሥት በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት ፓስፖርቱን ነጠቀው፤ የመለሰለት በ1958 ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ61 ዓመቱ፣ በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ ለመጨረሻ ጊዜ ኦቴሎን ተጫወተ። በዚያ ከተማ የመታሰቢያ ቴያትር ከናስ በተሠራ ጽሑፍ ከሚታወሱት 33 ታላላቅ የሼክስፒር ተዋንያን መካከል አይራ አልድሪጅ አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የቴያትር ጥበባት ተማሪ ነኝ። ጥቁር ተዋናይ ኦቴሎን መጫወቱ ይገባኛል። ሐምሌትን ወይም የእንግሊዝ ንጉሥን መጫወቱ ግን ታሪክን ማዛባት አይሆንም? የዐፄ ቴዎድሮስን ሚና የውጭ አገር ሰው ቢይዝብን እኛስ እንቀበላለን?

መልስ፦ ጥያቄዎ በቅንነት የቀረበ ስለሆነ በቅንነት እንመልሳለን። በመጀመሪያ፣ ሼክስፒር ራሱ በሠራበት መድረክ ላይ ጁልየትም ክሊዮፓትራም ሴቶች አልነበሩም፤ ጢም ያላወጡ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ተመልካቹ ልጁን ንግሥት ናት ለማለት ከተዋናዩ ጋር ከተስማማ፣ ሌላውን ለመቀበል የሚያግደው የመድረኩ ጠባይ ሳይሆን ልማዱ ነው። ሐምሌት ደግሞ የታሪክ ሰነድ አይደለም። አባቱ የሞተበት፣ እናቱ ቶሎ ያገባችበትና ማንን እንደሚያምን ያጣ ወጣት ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስ ምሳሌዎ ግን የተለየ ነገር ያነሣል። የአንድን ሕዝብ ታሪክ ራሱ ሕዝቡ በመድረክ ለማሳየት ዕድል ሳያገኝ ሌላ ሰው መጥቶ ሲተርክለት የሚሰማው ቁጭት፣ መድረኩ ሁልጊዜ የእርሱ የሆነ ሰው ሌላውን ለአንድ ምሽት ሲያስተናግድ ከሚሰማው ጋር አይመዛዘንም። በ1964 ሎረንስ ኦሊቪየር በለንደን ብሔራዊ ቴያትር መላ ሰውነቱን አጥቁሮ ኦቴሎን ሲጫወት ትልቅ ተዋናይ መሆኑን የጠረጠረ አልነበረም። ችግሩ በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ጥቁር ተዋንያን ሥራ አጥተው መቀመጣቸው ነበር።

ለውጡ አዝጋሚ ነበር። በኒው ዮርክ ጆሴፍ ፓፕ ያቋቋመው የሼክስፒር ፌስቲቫል ሚናዎችን ያለ ቀለም ልዩነት ማደል ከጀመሩት ቀደምቶች አንዱ ነው፤ በ1973 ጄምስ ኧርል ጆንስ በሴንትራል ፓርክ ንጉሥ ሊርን የተጫወተው በዚሁ ቤት ነው። በእንግሊዝ ዴቪድ ኦየሎዎ በ2000 ሄንሪ ስድስተኛን ሆኖ በሮያል ሼክስፒር ኩባንያ መድረክ የእንግሊዝን ንጉሥ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ሲሆን፣ በጊዜው የተቃወሙት አልጠፉም። በዚያው ኩባንያ የመጀመሪያው ጥቁር ሐምሌት ፓፓ ኤሲዱ የመጣው በ2016 ነው። ኤድሪያን ሌስተር ደግሞ በ1991 ወንዶች ብቻ በተጫወቱበት ዝግጅት ሴቷን ገጸ ባሕርይ ሮዛሊንድን፣ በ2003 በብሔራዊ ቴያትር ሄንሪ አምስተኛን፣ ከዚያ በኋላም በአንድ አዲስ ተውኔት ላይ ራሱን አይራ አልድሪጅን ተጫውቷል።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው ከነጮች ብቻ የመጣ እንዳይመስልዎ። ታላቁ ጥቁር አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን በ1996 በፕሪንስተን ባደረገው ንግግር፣ ጥቁር ተዋናይን ለነጭ በተጻፈ ሚና ማሰለፍ ጥቁሩ ማንነቱን ከበር ላይ ጥሎ እንዲገባ መጠየቅ ነው ብሎ፣ ገንዘቡ ለጥቁሮች የራሳቸው ቴያትር ቤቶች እንዲውል አጥብቆ ተሟገተ። በማግሥቱ ዓመትም ከሐያሲው ሮበርት ብሩስቲን ጋር በኒው ዮርክ በሕዝብ ፊት ተከራከረበት። እኛ ዊልሰን ስለ ገንዘቡ ልክ ነበር እንላለን፤ የራሱ ቤት የሌለው ተዋናይ በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ አፍሪካን ግሮቭ የተዘጋ ዕለት የታየው ይኸው ነው። ስለ ሚናው ግን አልተሳካለትም ብለን እናምናለን፤ አልድሪጅ ንጉሥ ሊርን ሲጫወት የተወው ነገር አልነበረም፤ የጨመረው ነው ያለው።

ኦቴሎ በርም አጥርም ነበር ያልነው ለዚህ ነው። ጥቁር ተዋናይ በእርሱ በኩል ገባ፤ ከገባም በኋላ «የአንተ ይኸው ነው» ተብሎ በእርሱ ውስጥ ታጠረ። በጋና የተወለደው እንግሊዛዊ ተዋናይ ሂው ኳርሺ በ1998 ባቀረበው ንግግር፣ ጥቁር ሰው ሊጫወተው የማይገባ ሚና ካለ ምናልባት ኦቴሎ ራሱ ሊሆን ይችላል ብሎ ጠየቀ፤ በቅናት በቀላሉ የሚታወረው ጥቁር ሰው በእውነተኛ ጥቁር ተዋናይ ሲቀርብ ጭፍን ጥላቻውን ያጸናዋል የሚል ሥጋት ነበረው። በ2015 ግን ኳርሺ ሚናውን ተቀበለ፤ ያጎን የተጫወተውም ጥቁሩ ሉሲያን ምሳማቲ ነበር። ይህ ምርጫ ብዙ ነገር ለወጠ። ሁለቱም ጥቁር ሲሆኑ የኦቴሎ ውድቀት የዘር ባሕርይ መስሎ መታየቱ ይቀርና፣ ያመነው ሰው የከዳው የአንድ ወታደር ውድቀት ሆኖ ይታያል። ለትምህርትዎ የሚጠቅም ነገር ካለ ይህን ዝግጅት ያጥኑት።

ጥያቄ፦ የአምቦ ነዋሪ ነኝ። የአገሬ ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን ወደ አማርኛ እንደ መለሰው አውቃለሁ። እኛ ሁላችንም ጥቁር ሆነን ስንጫወተው የኦቴሎ ጥቁርነት ወዴት ይሄዳል? ዛሬስ በዚህ መስክ የምንኮራበት የእኛ ሰው አለ?

መልስ፦ ሎሬት ጸጋዬ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ለአማርኛ አንባቢና ተመልካች አቅርቧል። ኒው ዮርክና ለንደን ጥቁር ሰው ሐምሌትን ይጫወት ወይስ አይጫወት እያሉ ሲሟገቱ፣ በአዲስ አበባ መድረክ ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም፤ ልዑሉም፣ መቃብር ቆፋሪውም፣ የሙት መንፈሱም ኢትዮጵያዊ ነው። ስለ ኦቴሎ የጠየቁት ግን ለአዘጋጅ ከባድ የቤት ሥራ ነው። ቀለሙ ከሌሎቹ ካልለየው፣ ባዕድነቱን በሌላ መንገድ ማሳየት የግድ ነው፦ በንግግሩ ቃና፣ ከዴስዴሞና አባት ጋር ሲቆም በሚሰማው የመደብ ልዩነት፣ አገልግሎቱ ሲፈለግ የሚከበርና ልጅ ሲጠይቅ የሚናቅ ሰው በመሆኑ። «ዘርህ ማነው?» የሚባለውን ጥያቄ ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ እንዲያውም ወደ ተውኔቱ ልብ ይበልጥ ያስጠጋን ይመስለናል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ሩት ነጋን እንጠቅሳለን። አዲስ አበባ ውስጥ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አየርላንድ የሄደች ተዋናይት ናት። በ2010 በለንደን ብሔራዊ ቴያትር ሐምሌት የሚወዳትን ኦፌልያን ተጫወተች። በ2018 ደግሞ በደብሊን ጌት ቴያትር፣ በደቡብ አፍሪካዊቷ አዘጋጅ በያኤል ፋርበር ዝግጅት፣ ራሱን ሐምሌትን ሆነች፤ ዝግጅቱም በ2020 መጀመሪያ በብሩክሊን ታየ። በ2022 በብሮድዌይ ሌዲ ማክቤዝን ተጫውታ ለቶኒ ሽልማት ታጭታለች። የኦፌልያን ልቅሶ ያለቀሰች ሴት ተመልሳ የሐምሌትን ንግግር ስትናገር፣ በዚያ ተውኔት ውስጥ ያልገባችበት ክፍል ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህን ተዋንያን ዛሬ በምን ማየት ወይም መስማት ይቻላል? ከአዳማ።

መልስ፦ የአልድሪጅ ምስል በማንቸስተር የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ጄምስ ኖርዝኮት በ1826 ኦቴሎን ሆኖ የሣለው ነው። የሮብሰን የብሮድዌይ ኦቴሎ በፊልም አልተቀረጸም፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን ከሄግንና ከፌሬር ጋር በድምፅ ተቀርጿልና ይሰማል። የጄምስ ኧርል ጆንስ ንጉሥ ሊር ለቴሌቪዥን የተቀረጸ ስለሆነ በሙሉ ሊታይ ይችላል። ከሮብሰን ድምፅ ቢጀምሩ እንመክራለን፤ ኦቴሎ በቬኒስ ሹማምንት ፊት ቆሞ ዴስዴሞናን በምን እንዳገኛት የሚናገርበትን ክፍል መጀመሪያ ይስሙት።